ምዕራፍ ስድስት፦ በመኖሪያ ግቢ የሰፈረ ንብ

ከጉና ተራራ ትከሻ ተነሥቶ በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በኩል ወደ በሺሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች በሚወርደው አገር፣ ንብ ከሰው መኖሪያ ርቆ የሚታይ ፍጥረት አይደለም። የአርሶ አደሩ ቀፎ የሚቀመጠው ከቤቱ ጣራ ክፈፍ ሥር፣ ከደጃፉ አጠገብ ባለ ቆጥ ላይ ወይም ከጓሮው አጥር ጥግ በመሆኑ፣ ልጆች፣ ዶሮዎች፣ የታሰረ አህያና በሺዎች የሚቆጠሩ ንቦች አንድ ቅጥር ግቢ ተጋርተው ይኖራሉ። ይህ አኗኗር የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ገበሬዎች ቀፎውን ከሚኖሩበት ቤት ግድግዳ ጋር አስጠግተው እንደሚያኖሩት፣ ለንቦቹም ወደ ውጭ የሚወጡበት ቀዳዳ እንደሚያበጁላቸው፣ ንብ በቤት ውስጥ መመላለሱም ሰዎቹን ከቤታቸው እንደማያስወጣቸው ጽፏል።

ችግር የሚመጣው ንቡ ከተዘጋጀለት ቀፎ ውጭ፣ ራሱ በመረጠው ቦታ ሲሰፍር ነው። የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ፣ በቆርቆሮ ጣራና በኮርኒስ መካከል ያለ ክፍተት፣ አገልግሎቱን የጨረሰ ጎተራ፣ ከጓሮ የተጣለ ጋን፣ የሸመገለ ወይራ ግንድ ሁሉ ለንብ ቤት ይሆናሉ። እንዲህ ያለ እንግዳ ሲመጣ በሰው ዘንድ ሁለት ዓይነት ምላሽ ይታያል፤ አንዱ ሲሳይ ገባ ብሎ ዝም ብሎ መተው ሲሆን፣ ሌላው በእሳት ወይም በመርዝ ማባረር ነው። የመጀመሪያው ሰው ዛሬ በቀላሉ ሊከናወን የሚችለውን ሥራ ከወራት በኋላ አደገኛ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሀብቱንም ቤቱንም ለጉዳት ያጋልጣል። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በአጭሩ ሲነገር፣ ንብ የምትቆጣው በያዘችው ሀብት ልክ ነው፤ ስለዚህ በግቢው ንብ የሰፈረበት ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው እንዴት እንደሚያባርረው ሳይሆን፣ ንቡ ከሰፈረ ስንት ጊዜ እንደሆነውና እስከዚያ ምን እንዳከማቸ ነው።

የሰፈረውን መለየት

በጓሮ ውስጥ ጎጆ የሚሠራ ባለ ክንፍ ነፍሳት ሁሉ ንብ አይደለም። ተርብ ወገቧ የቀጠነ፣ አካሏ ጠጉር የሌለው ያህል የለሰለሰ፣ ጎጆዋንም እንጨት አኝካ ከምታዘጋጀው ወረቀት መሰል ነገር ወይም ከጭቃ የምትሠራ ናት። ማር ስለማታከማች ወደ ቀፎ ብትዛወር የሚገኝ ጥቅም የለም፤ መንደፊያዋም እንደ ንብ መንደፊያ በቆዳ ውስጥ ተሰክቶ ስለማይቀር አንዲት ተርብ ደጋግማ ልትነድፍ ትችላለች።

በሌላው ጫፍ ጣዝማ ትገኛለች። በደጋውና በወይና ደጋው የምትታወቀው ጣዝማ፣ በሳይንስ ስሟ ሜሊፖኑላ ቤካሪ የምትባለው፣ ከማር ንብ በመጠን የምታንስ፣ መሬት ውስጥ ጎጆዋን የምትሠራና የማትነድፍ ንብ ናት። ከምድር ላይ የሚታየው ምልክቷ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ሲሆን፣ በቀዳዳዋ ዙሪያ ጥቃቅን ነፍሳት ሲገቡና ሲወጡ ይስተዋላሉ። ማሯ ለመድኃኒትነት ስለሚፈለግ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ማሩን ለማግኘት ጎጆው ሲቆፈር ኅብረተሰቧ አብሮ ይጠፋል። ጣዝማ በሰውም ሆነ በእንስሳ ላይ ጉዳት ስለማታደርስ፣ በግቢ ውስጥ የተገኘች እንደሆነ ቦታዋን በድንጋይ ከልሎ መተው ይበቃል። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ስለ ማር ንብ ነው።

መንጋው ከየት ይመጣል?

በአንድ ቀፎ ወይም ጎጆ ውስጥ አብረው የሚኖሩ ንቦች በጠቅላላ ኅብረ ንብ ይባላሉ። ኅብረ ንብ እንቁላል የምትጥል አንዲት ንግሥት፣ ብዙ ሺህ ሠራተኞችና እንደ ወቅቱ ቁጥራቸው የሚለዋወጥ ድንጉላዎች፣ ማለትም ወንድ ንቦች፣ ይገኙበታል። ገበሬው አውራ የሚላት ንብ ይህችው ንግሥት ናት። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ፣ ማገጥ፣ መጭና ኑግ ሲያብቡ ምግብ ይበዛል፤ ሠራተኞቹ ይበረክታሉ፤ ቀፎው ይጠባል። በዚህ ጊዜ ሠራተኞቹ አዳዲስ ንግሥቶችን ማሳደግ ይጀምራሉ፤ አሮጌዋ ንግሥትም ከሠራተኞቹ ከፊሉን አስከትላ ቀፎውን ለልጇ ትታ ትወጣለች። መንጋ መክፈል የሚባለው ይህ ነው፤ በዚህ አገር ብዙውን ጊዜ የሚታየውም ከመስከረም እስከ ጥቅምትና ኅዳር ባለው የአበባ ወራት ነው።

ከዚህ የሚለይ ሌላ አወጣጥም አለ። ምግብ ሲጠፋ፣ ጉንዳን ሲወር፣ ማር ቆራጩ ምንም ሳያስቀር ሲያራቁት ወይም ጎጆው ደጋግሞ ሲረበሽ ኅብረ ንቡ በሙሉ ቤቱን ጥሎ ይሄዳል። የአፍሪካ ንቦች ከአውሮፓ ንቦች ይልቅ ለዚህ ዓይነቱ ስደት ቅርብ ናቸው። በአበባ ወራት የሚወጣው መንጋ ማር ጠጥቶ፣ ሆዱን ሞልቶ የሚወጣ ሲሆን፣ የተራበው ስደተኛ ግን ባዶውን ስለሚጓዝ ይበልጥ ይነጫነጫል። ስለዚህ መንጋው የመጣበት ወር ስለ ጠባዩ የሚናገረው ነገር አለ።

ከቀፎ የወጣው መንጋ በቅርብ ባለ ቅርንጫፍ ወይም አጥር ላይ እርስ በርሱ ተያይዞ ይንጠለጠላል፤ ከዚያም ጥቂት መቶ የሚሆኑ ቃኚ ንቦች ቤት ፍለጋ ይበተናሉ። ይህን ሥርዓት በጥልቀት ለማጥናት መንገድ የከፈተው ጀርመናዊው ማርቲን ሊንዳወር ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ሙኒክ ውስጥ በተንጠለጠለ መንጋ ላይ የሚጨፍሩ ንቦችን ሲመለከት፣ አንዳንዶቹ ጥላሸት፣ ሌሎቹ የጡብ ብናኝ ለብሰው አያቸው፤ የአበባ ቀሳሚዎች ቢሆኑ ሊለብሱ የሚገባቸው የአበባ ዱቄት ስለነበር፣ እነዚህ ንቦች ከጭስ መውጫዎችና ከፈራረሱ ግድግዳዎች ቤት መርምረው የመጡ መሆናቸውን ተረዳ። ቃኚዋ ያየችውን ቦታ አቅጣጫና ርቀት የምታስታውቀው፣ የሊንዳወር መምህር ካርል ፎን ፍሪሽ ምስጢሩን በገለጠውና እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ግኝቶች አንዱ በሆነው የንብ ጭፈራ ነው። ከሊንዳወር በኋላ አሜሪካዊው ቶማስ ሲሊ እንዳሳየው፣ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ ቃኚዎች በአንድ ጊዜ በአንዱ ቦታ ላይ ሲገናኙ ውሳኔው እንደተቆረጠ ይቆጠራል፤ መንጋውም ተነሥቶ ይበርራል።

ሲሊ በሰሜን አሜሪካ በአውሮፓ ዝርያ ንቦች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ንቦቹ የወደዱት 40 ሊትር ያህል የሚይዝ፣ በሩ ጠባብና ከመሬት ከፍ ያለ ባዶ ቦታ ነበር፤ የአፍሪካ ንቦች ከዚህ ባነሰ ክፍተትም ይሰፍራሉ። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ የውስጥ አግድመቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድቡልቡል ባህላዊ ቀፎ 49 ሊትር ገደማ የሚይዝ መሆኑ ሲታሰብ፣ ቀንበጥ ወይም ሸምበቆ ፈትሎ፣ በጭቃና በእበት መርጎ ቀፎ የሚሠራው ገበሬ የንብን ምርጫ ያለ ሊትር መለኪያ እንደደረሰበት ይታያል። ቃኚዎች በአንድ ግድግዳ ቀዳዳ ዙሪያ ለቀናት ሲያንዣብቡ፣ ሲገቡና ሲወጡ ከታዩ መንጋው ገና አልመጣም ማለት ነው፤ የቤቱ ባለቤት ቀዳዳውን በጭቃ ሊደፍነውና በአቅራቢያው ባዶ ቀፎ ሊሰቅል የሚችልበት ጊዜም ይኸው ነው።

የቁጣ ምንጭ

የንብ መንደፊያ ወደ ኋላ የተቀለበሱ ጥርሶች ስላሉት በሰው ቆዳ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ንቧ ስትላቀቅ መንደፊያው ከመርዝ ከረጢቱ ጋር ተመንጭቆ ይቀራል፤ እርሷም ትሞታለች። አንዲት ሠራተኛ በሕይወቷ የምትነድፈው አንድ ጊዜ በመሆኑ፣ ንድፊያ የሚወጣው የሚጠበቅ ነገር ሲኖር ነው፤ እርሱም እንቁላሉ፣ እጩ፣ የአበባ ዱቄቱና ማሩ ነው። ከቅርንጫፍ የተንጠለጠለ መንጋ ከነዚህ አንዱም የለውም። በገድለ ላሊበላና በላስታ ትውፊት የሚነገረው፣ ንቦች ሕፃኑን ላሊበላን ከበውት ሳይጎዱት የመቅረታቸው ታሪክ ለምእመናን የመለኮት ምልክት ነው፤ የንብ ጠባይ የሚያጠና ሰው ደግሞ በጉዞ ላይ ያለ መንጋ ለመንደፍ የሚቸኩል አለመሆኑን በዚያው ትረካ ውስጥ ያስተውላል።

ሰፍሮ ማር የያዘ ጎጆ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያዋ ንብ ስትነድፍ ከመንደፊያዋ ሥር ሽታ ይወጣል። አንድ ፍጥረት ለዘመዶቹ መልእክት እንዲሆን የሚያወጣው እንዲህ ያለ ኬሚካል ፌሮሞን ይባላል፤ የማስጠንቀቂያው ፌሮሞን ዋና ንጥረ ነገር አይሶፔንቲል አሴቴት መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1962 የታወቀ ሲሆን፣ ሽታው የበሰለ ሙዝ ይመስላል። በሽታው የተነካው ልብስ ወይም ቆዳ ለሌሎቹ ንቦች ዒላማ ይሆናል፤ አንድ ንድፊያ አሥር፣ አሥሩ መቶ የሚሆነውም በዚህ መንገድ ነው። ጥቁር ቀለም፣ ጠጉር፣ ፈጣን እንቅስቃሴ፣ የላብና የትንፋሽ ሽታ ቁጣውን ያባብሳሉ፤ ታስሮ መሸሽ ያልቻለ አህያ ወይም በግ በንብ የሚሞተውም ስለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የዝርያ ጉዳይ ይጨመራል። አምሳሉ በዛብህና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያን የማር ንብ በአምስት ንዑስ ዝርያዎች ሲከፍሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የደጋውን አገር ንብ ከስሜን ተራሮች ስም ወስዶ ሲመንሲስ በሚል አንድ ንዑስ ዝርያ መድቦታል። የተመራማሪዎቹ ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ለጓሮ ባለቤት ቁም ነገሩ የአፍሪካ ንቦች ለዘመናት ከሰው፣ ከአውሬና ከጉንዳን ጋር ሲታገሉ የኖሩ በመሆናቸው ጎጆአቸውን በብርቱ የሚከላከሉ መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ብራዚል ውስጥ በሪዮ ክላሮ አካባቢ ከምርምር ጣቢያ ያመለጡ 26 መንጎች፣ ከአፍሪካ የመጡ ንግሥቶችን ይዘው ከአገሬው ንብ ጋር ተዳቅለው የደቡብና የሰሜን አሜሪካን ሰፊ ክፍል ማዳረሳቸው የዚሁ ጠባይ ምስክር ነው። ስለዚህ ለአውሮፓ ንብ የተጻፈ፣ በቀትር ያለ ጭስና ያለ መሸፈኛ ቀፎ መክፈትን የሚፈቅድ መመሪያ በዚህ አገር አይሠራም።

የተንጠለጠለ መንጋ

በቅርንጫፍ ላይ ያረፈ መንጋ አንዳንዴ በሰዓታት፣ አንዳንዴም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቦታውን ይለቃል። ቤተሰቡ ንብ የማነብ ፍላጎት ከሌለው፣ ልጆችን ማራቅ፣ እንስሳትን ከአጠገቡ ፈትቶ መውሰድና ድንጋይ እንዳይወረወር መከልከል ይበቃል። ማነብ የሚፈልግ ግን ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አያገኝም፤ ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ብትሆንም አብዛኛው አናቢ ቀፎውን የሚሞላው ኅብረ ንብ ከገበያ በመግዛት ወይም እንዲህ ያለውን መንጋ በመያዝ ነው።

መንጋ ለመያዝ ቀፎው አስቀድሞ መሰናዳት አለበት። በየአካባቢው አናቢዎች የቀፎውን ውስጥ በወይራ ወይም በጥንጁት ያጥኑታል፤ ሰም ይቀቡታል፤ ጠጅ ሳርም ያሹበታል። የጠጅ ሳሩ ነገር ምክንያት አለው፤ ቤት ያገኙ ሠራተኞች በሩ ላይ ቆመው ጭራቸውን ከፍ አድርገው፣ ክንፋቸውን እያራገቡ ወደ ኋላ ለቀሩት የሚለቁት የመጥሪያ ሽታ ሲትራል የተባለ ንጥረ ነገር የሚገኝበት ሲሆን፣ ለጠጅ ሳር ጠረኑን የሚሰጠውም ይኸው ሲትራል ነው። ሳሩ የታሸበት ቀፎ ንብ አስቀድማ ገብታ ኑ ያለችበት ቤት ይመስላል ማለት ነው።

አያያዙ የሚከናወነው ወደ ማምሻው ላይ ነው። በመንጋው ላይ ጥቂት ውኃ በስሱ ይረጭበታል፤ ቀፎው ወይም እንቅብ ከሥሩ ይደረግና ቅርንጫፉ በአንድ ጊዜ በኃይል ይነቀነቃል። ንግሥቲቱ ከወደቁት ጋር ከገባች የቀሩት በአየር ላይ ያሉት ንቦች ተከትለው ይገባሉ፤ በሩ ላይ ቆመው ክንፋቸውን የሚያራግቡ ንቦች መታየታቸው ሥራው መሳካቱን ያመለክታል። ንግሥቲቱ ውጭ ከቀረች ግን ሁሉም ወደነበሩበት ስለሚመለሱ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ጨለማ ሲሆን ቀፎው ወደ መጨረሻ ቦታው ይወሰዳል፤ መንጋ የድሮ ቤቱን አድራሻ ትቶ አዲሱን የሚማርበት ጊዜ ላይ ስለሆነ በዚያው ግቢ ውስጥም ቢሆን የትም ሊቀመጥ ይችላል።

በግድግዳና በኮርኒስ የሰነበተ ኅብረ ንብ

መንጋው ቀዳዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሠራተኞቹ ሰም እያወጡ የማር እንጀራውን፣ ማለትም ባለ ስድስት ማዕዘን ክፍሎች ያሉትን ንጣፍ፣ ይሠራሉ፤ ንግሥቲቱም እንቁላል መጣል ትጀምራለች። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል እስከ ሙሉ ንብ ለመድረስ 21 ቀን ስለሚፈጅባት፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የኅብረ ንቡ ቁጥር አይጨምርም፤ ከዚያ በኋላ ግን በየዕለቱ አዳዲስ ንቦች ይወለዳሉ፤ ማሩም ይከማቻል። ንብ እንዲነሣለት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ቢጀምር አንድ ሰው በአንድ ምሽት የሚጨርሰው ሥራ፣ በአበባው ወራት ማብቂያ ላይ ሁለትና ሦስት የተሸፈኑ ሰዎች የሚጠይቅ ይሆናል።

የሰነበተ ኅብረ ንብን ወደ ቀፎ ማዛወር ልምድ ያለው አናቢ ወይም የወረዳው የንብ ባለሙያ የሚመራው ተግባር ነው። ልጆች፣ አቅመ ደካሞችና እንስሳት አስቀድመው ከግቢው ይወጣሉ፤ ለጎረቤትም ይነገራል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሙሉ መሸፈኛ የለበሰው ባለሙያ በማጨሻ ውስጥ ደረቅ ኩበት አያይዞ ቀዝቃዛና ነጭ ጭስ በበሩ በኩል ደጋግሞ ያስገባል። ጭሱ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የማስጠንቀቂያውን ሽታ ይሸፍናል፤ ቤቱ ሊቃጠል ነው ብለው እንደሚሸሹ ያህልም ንቦቹ ማር መጠጣት እንዲጀምሩ ያደርጋል። በሣር ክዳን ቤት ግን ማጨሻው ብልጭታ እንዳይተፋ በላዩ እርጥብ ሣር ይደረግበታል፤ ውኃም በቅርብ ይቀመጣል።

ከዚያ ግድግዳው ወይም ኮርኒሱ ተከፍቶ እንጀራዎቹ አንድ በአንድ በቢላዋ ይቆረጣሉ። ማር ያለበት እንጀራ ክዳን ባለው ዕቃ ለብቻው ይቀመጣል፤ እንቁላልና እጭ ያለበት ግን ንቦቹን በአዲሱ ቤት የሚያስቀምጣቸው እርሱ ስለሆነ፣ ወደ ላይ የነበረው ጎኑ ወደ ላይ እንደሆነ በገመድ ከቀፎው ፍሬም ወይም አግዳሚ እንጨት ጋር ይታሰራል። ንግሥቲቱ ከተገኘች ጥቂት ሠራተኞች ተጨምረውላት አየር በሚያስገባ ትንሽ ማቆያ ውስጥ ለተወሰኑ ቀናት በቀፎው ውስጥ ትታሰራለች፤ እርሷ ካለች ሌሎቹ አይሄዱም። ቀፎው የድሮው ቀዳዳ በነበረበት አጠገብ ጨለማ እስኪሆን ይቆያል፤ ለቅሰማ ወጥተው የነበሩት ሁሉ ሲገቡ በሩ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የቆየ ኅብረ ንብ ቀሳሚዎች የቤታቸውን ቦታ በልባቸው ስለሚይዙ፣ ቀፎው ከጓሮው አንድ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ቢዛወር በማግስቱ ወደ ድሮው ቀዳዳ ተመልሰው ይረባረባሉ። ስለዚህ ቀፎው ለተወሰኑ ሳምንታት 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኝ የዘመድ ግቢ ይወሰዳል፤ ወይም በድሮው ቦታ ሆኖ በየቀኑ በጥቂቱ እየተገፋ ይሄዳል። የተለቀቀው ክፍተትም ሰሙና የንብ ሙጫው፣ ማለትም ንቦች ከዛፍ ሰብስበው ስንጥቅ የሚደፍኑበት ፕሮፖሊስ፣ ተፍቆ ታጥቦ በጭቃ መመረግ አለበት፤ ሽታው ከቀረ በሚቀጥለው መስከረም ሌላ መንጋ ወደዚያው ቤት ይመጣል።

እሳትና መርዝ

ንብን በሚነድድ ችቦ ማቃጠል ወይም የተባይ መድኃኒት መርጨት ፈጣን መፍትሔ ይመስላል፤ መዘዙ ግን ንቡ ከሞተ በኋላ ይቀጥላል። በሣርና በእንጨት የተሠራ ቤት ከእሳቱ አይተርፍም። በመርዝ የሞተ ኅብረ ንብ ደግሞ የሚያሞቀውና የሚጠብቀው ሲያጣ እጩ ይበሰብሳል፤ ማሩ በግድግዳው ላይ ይንጠባጠባል፤ ከጎረቤት ቀፎ የመጡ ንቦችም ያንኑ የተመረዘ ማር ዘርፈው ወደ ቤታቸው ያስገባሉ። ልጅ አግኝቶ ቢቀምሰው አደጋው ለሰውም ይተርፋል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 የንብ ሀብትን በሕግ ጥላ ሥር ማድረጉም፣ ጉዳዩ የአንድ ግቢ ብቻ ተደርጎ እንደማይታይ ያመለክታል።

ኪሳራው በገንዘብም ይታሰባል። ባህላዊ ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ግራም ማር እንደሚሰጥ በተለምዶ ይገመታል፤ ሰሙም በከንቱ የሚወድቅ አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው የጋይንቷ ቤተልሔም በምትገኝበት፣ አብያተ ክርስቲያናት በበዙበት በዚህ አገር ጧፍ ከሰም ስለሚሠራ፣ አንድ ጎጆ ሲቃጠል የሚጠፋው ለገበያም ለመቅደስም የሚውል ሀብት ነው።

ይህ ሲባል ግን ንብ በማንኛውም ሁኔታ አይገደልም ማለት አይደለም። ጎጆው ተማሪዎች ከሚውሉበት ክፍል ወይም ለንብ መርዝ ሰውነቱ ከሚቆጣ ሰው መኝታ ጋር የተያያዘ ሆኖ፣ ሊያዛውረው የሚችል ባለሙያም ካልተገኘ የሰው ሕይወት ይቀድማል።

ንድፊያ ሲደርስ

ጎጆ የተቆጣበት ሰው እጁን እያወራጨ መቆም የለበትም፤ ፊቱን በነጠላ ወይም በጋቢ ሸፍኖ በቀጥታ ሮጦ ወደሚዘጋ ቤት መግባት አለበት። የተሰካው መንደፊያ ከሰው ሥጋ ውስጥ ሆኖ መርዝ መግፋቱን ስለሚቀጥል ወዲያውኑ ይነቀላል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በጥፍር መፋቁም ሆነ በጣት መንቀሉ ልዩነት የለውም፤ ልዩነት የሚያመጣው የሚባክነው ሰከንድ ነው። ቦታው በሳሙና ሲታጠብ የማስጠንቀቂያው ሽታ ይቀንሳል፤ ቀዝቃዛ ነገር ሲደረግበት እብጠቱና ሕመሙ ይረግባል።

ሁለት ዓይነት አደጋ ግን ጤና ጣቢያ ያስኬዳል። የመጀመሪያው ሰውነት ለመርዙ ከልክ በላይ ሲቆጣ የሚመጣ ሲሆን፣ ለዚህ አንድ ንድፊያ ይበቃል፤ ከተነደፈው ቦታ ርቆ በመላ አካል ላይ ሽፍታ መውጣት፣ የከንፈርና የምላስ ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማስመለስና ራስን መሳት ምልክቶቹ ናቸው፤ ሕይወት የሚያድነውም በባለሙያ በጭን ጡንቻ የሚሰጥ የአድሬናሊን መርፌ ነው። ሁለተኛው ከመርዙ ብዛት የሚመጣ ነው። ለአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ለሞት የሚያሰጋው መጠን ወደ 1000 ንድፊያ እንደሚደርስ ይገመታል፤ ለሕፃን ግን ከዚህ እጅግ ያነሰው ያሰጋል። ብዙ የተነደፈ ሰው ለጊዜው ደህና ቢመስልም፣ መርዙ ጡንቻን አፍርሶ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል በሕክምና ክትትል ሥር መቆየት ይኖርበታል።

ለንብ ቦታ መስጠት

ተይዞ ወይም ተዛውሮ ቀፎ የገባ ኅብረ ንብ ማር እያከማቸ ሲሄድ ቁጣውም አብሮ ያድጋል፤ ስለዚህ ቦታው የሚመረጠው ዛሬ ባለው ጠባዩ ሳይሆን በኅዳር በሚኖረው ነው። የቀፎው በር ከመተላለፊያ መንገድ፣ ከውኃ መቅጃና ከእንስሳት ማሰሪያ ፊቱን አዙሮ፣ የጠዋት ፀሐይ ወደሚያገኝበት አቅጣጫ ቢሆን ይመረጣል። ከበሩ ፊት ለፊት ከሰው ቁመት የሚበልጥ አጥር ወይም የጌሾ ተክል ካለ፣ ንቦቹ ወጥተው ወዲያው ወደ ላይ ስለሚነሡ በሰው ራስ ላይ አይበሩም። በቆጡ እግሮች ዙሪያ አመድ መነስነስ ጉንዳንን ይከላከላል፤ በበጋ ደግሞ ጭድ የተንሳፈፈበት ውኃ በገበቴ ቢቀርብላቸው ከቤተሰቡ እንስራ ዙሪያ አይሰበሰቡም። ማር ሲቆረጥ ለንቦቹ የሚበቃ ማስቀረትና የፈሰሰውን ማጽዳት፣ የስደትም የዝርፊያም መነሻ የሆነውን ያስቀራል።

የጎረቤት መብትም በዚሁ ይታያል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ሳይታሰብ ከቁጥጥሩ ወጥቶ ላደረሰው ጉዳት እንኳ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። መንጋ ሲበርርም የባለቤትነት ጥያቄ ይነሣል፤ ጥንታዊው የሮማውያን ሕግ፣ በንጉሥ ዩስጢንያኖስ ዘመን እንደተጻፈው፣ ከቀፎ የወጣ መንጋ በባለቤቱ ዓይን ሥር እስካለና ተከትሎ መያዙ አዳጋች እስካልሆነ ድረስ የእርሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ለያዘው ይሆናል ይል ነበር። በጎረቤታሞች መካከል እንዲህ ያለው ነገር ሽማግሌ ፊት ሳይደርስ የሚያልቀው፣ ቀፎ ያለው ሰው የማር ቆረጣውንና የማዛወሩን ምሽት ለአጎራባቹ አስቀድሞ ሲናገር፣ አጎራባቹም በአበባ ወራት መንጋ ሲያይ ሲያስታውቅ ነው።

እንግዲህ በግቢ ውስጥ ስለሰፈረ ንብ የሚሰጠው ውሳኔ በሦስት ጥያቄዎች ይጠቃለላል፤ ከመጣ ስንት ቀን ሆነው፣ እጭና ማር ይዟል ወይስ ገና ነው፣ የያዘውስ ቦታ ለሰውና ለከብት መመላለሻ ምን ያህል ቅርብ ነው? ቀኑ ጥቂት ከሆነ በዚያው ምሽት መያዝ፣ ከቆየ ባለሙያ ጠርቶ ማዛወር፣ ከመመላለሻ የራቀና ማንንም የማያሰጋ ከሆነ ደግሞ ከልሎ መተው ይቻላል። ከሦስቱ የትኛውም ቢመረጥ ግን፣ ለማጥፋት ከሚወጣው ድካምና ወጪ የሚበልጥ አይሆንም።